አባቱን ያልመረጠ ልጅ

«የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» የሚለው ተረት አማርኛ የሚማሩ ባልንጀሮቻችን ደጋግመው ከሚሰሟቸው አንዱ ነው። ዕዳ ማለት የገንዘብ ብድር ነው፤ የበደል ሸክምም ይባልበታል። ሁለቱን ለይተን እናውቅ ዘንድ የአንድ ሕፃን ታሪክ እናቀርባለን።

ዐፄ ቴዎድሮስ አገራቸውን አንድ ለማድረግ የደከሙ፣ ነገር ግን በኃይልና በሰንሰለት የገዙ ንጉሥ ነበሩ። በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ደራስጌ ላይ ድል አድርገው ማረኩ፤ ኋላም የውቤን ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅን አገቡ። በ1853 ዓ.ም. ልዑል ዓለማየሁ ሲወለድ ከአሳሪና ከታሳሪ ደም ተወለደ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ አባቱ ራሳቸውን ገደሉ። እናቱም ከሠራዊቱ ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ በመንገድ ታመው ዐረፉ፤ ትግራይ ውስጥ በጨለቆት ተቀበሩ። የሰባት ዓመቱ ልጅ ከዙላ በመርከብ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በአገራችን ባሻ ፈለቀ የተባለው ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲ አማርኛ ያውቅ ነበር፤ ከእርሱ በተለየ ጊዜ ግን ቋንቋውን የሚሰማለት ሰው ከአጠገቡ ራቀ። በራግቢና በሳንድኸርስት ተምሮ፣ ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ሞተ፤ በዊንድሶር ተቀበረ።

ይህን የምንጽፈው ሰኔ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ከተመረቀው ከጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና ነው። በዚህ አንድ ሣጥን እንኳ ከየት እንደ መጣ፣ የማን እንደ ሆነና ወዴት እንደሚሄድ ሳይጻፍ አያልፍም። ለዓለማየሁ ግን የመመለሻ ወረቀት አልተገኘለትም። በ1999 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዐፅሙ እንዲመለስ ንግሥት ኤልሳቤጥን ጠየቁ፤ በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት፣ የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም ሲል መለሰ።

ስለ አባትየው አገዛዝ የታሪክ ሊቃውንት ይከራከሩ፤ ተገቢ ነው። ልጁ ግን አላሠረም፣ አልፈረደም፤ ዳሩ ግን ወገኑን፣ አገሩንና ቋንቋውን ከፈለ። የገንዘብ ዕዳን ወራሽ ሊከፍል ይችላል፤ የበደል ዕዳ ግን ከበዳዩ አይሻገርም። እኛም የመንግሥት ሠራተኞች፣ ከወደቀ ገዥ ቤት የተሰደደ ልጅ በጠረጴዛችን ፊት በቆመ ጊዜ፣ የአባቱን ስም ሳይሆን የራሱን ሥራ እንመልከት።