የማይታዘዝ እጅ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ ስንወርድ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ቀኝ እጃቸውን በግራው ጨብጠው ይዘውት ነበር፡፡ ተጨብጦም ይንቀጠቀጣል፡፡ ከኋላ አንዲት ሴት «አባቴ፣ እርጅና እኮ ነው» አለቻቸው፤ ሌላው «የሰው ዓይን ነው እንጂ» ሲል አረማት፡፡ አዛውንቱ መልስ ሳይሰጡ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት፡፡

እኔም ዝም አልሁ፡፡ ሐኪም አይደለሁምና ሕመማቸውን ልሰይም አልደፍርም፤ ሁለቱም ፍርዶች ግን ሰውን ከሐኪም ደጅ የሚያስቀሩ ናቸው ባይ ነኝ፡፡

እንግሊዛዊው ሐኪም ጀምስ ፓርኪንሰን ስለዚህ ዓይነቱ መንቀጥቀጥ የጻፈው በ1817 እ.ኤ.አ. ነው፡፡ ዶፓሚን የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ፡፡ እጅ የሚዘገየውና የሚገተረው ታዲያ ጉልበት አንሶት ይመስለናል፡፡ በብዙ ሕሙማን አንጎል ጥልቅ ክፍል የተገኘው ግን ትርፍ ነገር ነው፤ ሕዋሳቱ በሴኮንድ ከ13 እስከ 30 ጊዜ ባንድነት ይመታሉ፡፡ (መንቀጥቀጡ የራሱ ሌላ፣ ዝግ ያለ ምት አለው፡፡) ይህ ምት በጤነኛ ሰው እጅ ሊነሣ ሲል ላልቶ መንገድ ይለቃል፤ በሕሙሙ ግን እንደሚገባው አይላላም፡፡ ወሎዬ ነኝና በመንዙማ ልመስለው፤ ድቤ መቺዎቹ ሁሉ አንዲት ምት ላይ ተቸክለው ዜመኛው መግቢያ ያጣ ያህል ነው፡፡

ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አሊም ሉዊ ቤናቢድ በ1987 እ.ኤ.አ. በግሮኖብል ቀጭን ሽቦ ወደ አንጎል ሰድዶ በኤሌክትሪክ ንዝረት መንቀጥቀጥን ገታ፡፡ ኋላም ሽቦው የምስር ቅርጽ ወዳላት ትንሽ ክፍል ተዛወረ፤ ከደረት ቆዳ ሥር የተቀበረ መሣሪያ በሴኮንድ 130 ጊዜ ያህል ሲነዝራት ያ ግትር ምት ይዳከማል፣ እጅም ይፍታታል፡፡ ሕመሙን ግን አይፈውስም፡፡

«ይህ ሁሉ ለደሴ ምኗ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም፡፡ እውነት ነው፣ ሽቦው ሩቅ ነው፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የታወቀው ሌቮዶፓ እንኳ በአገራችን እንደ ልብ አይገኝም፡፡ ራሳቸው ሕሙም የሆኑት ወይዘሮ ክብራ ከበደ በአዲስ አበባ የፓርኪንሰን ሕሙማንን ድርጅት ሲመሠርቱ ከሕመሙ እኩል የታገሉት መደበቅን ነው፡፡ ኪኒኑ እስኪደርስ፣ ዕውቀቱ ሐረጎን ለመውጣት ምን ያግደዋል?

ኮምቦልቻ ስንደርስ አዛውንቱ በሩ ላይ እግራቸው ተቸነከረ፡፡ ረዳቱ ለሌላ መንገደኛ እየተጣራ የመኪናውን ጎን በመዳፉ ይደልቃል፡፡ በሦስተኛው ድለቃ ወረዱ፡፡ የውጭ ምት የተገታ እግርን አንዳንዴ እንደሚያራምድ ያነበብሁት ኋላ ነው፡፡