ያልተሻረ ክህነት

የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ጥቁሮችን ከክህነት ከልክላ ስለ ኖረችበት ዘመን ሲነሣ፣ ተከላካዮቿ ክልከላው ከመነሻው የነበረና ከላይ የወረደ ትእዛዝ ነው ሲሉ ኖረዋል። ነቃፊዎቿም ያንኑ ቃል ገልብጠው፣ ይህች ቤት ከተመሠረተችበት ቀን ጀምሮ ለጥቁር ሰው ዝግ ነበረች ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚዘነጉት አንድ ሰው አለ። ስሙ ኤላይጃ ኤብል ይባላል።

ኤብል በሜሪላንድ ተወለደ፤ በ1832 ተጠመቀ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1836 በኦሃዮዋ ከርትላንድ የሽማግሌነት ማዕርግ ተሰጠው፤ ዓመቱ ሳያልቅም «ሰባዎቹ» ወደሚባለው የሰባክያን ጉባኤ ገባ። ይህ የተፈጸመው መሥራቹ ጆሴፍ ስሚዝ በሕይወት ሳለ፣ በዚያችው ከተማ ተቀምጦ ነው። በ1838 ለስብከት ወደ ኒው ዮርክ ግዛትና ወደ ላይኛው ካናዳ ተላከ። በእጁ የተጠመቀችው ዩኒስ ኪኒ በ1891 በጻፈችው ደብዳቤ እንደ ተረከችው፣ ጠላቶቹ አንዲት ሴትና አምስት ልጆች ገድሏል የሚል ማስታወቂያ በየስፍራው ለጥፈውበት ነበር። እርሱ ግን ከመሸሽ ይልቅ በሕዝቡ ፊት ቆሞ የሚይዘው ካለ እንዲይዘው ጠየቀ፤ እጁን ያነሣበት አልተገኘም።

መሥራቹን ከነቀፋ ሁሉ ነጻ ማውጣት ግን አይቻልም። ስሚዝ ገና በሕይወት ሳለ በ1843 በሲንሲናቲ የተሰበሰቡ መሪዎች ኤብል ለጥቁሮች ብቻ እንዲሰብክ ወሰኑበት። መድልዎው እንግዲህ በአንድ ቀን አልተወለደም። ሕግ ሆኖ የታወጀው ግን በ1852 ነው፤ ያን ጊዜ ብሪገም ያንግ በዩታ ምክር ቤት ፊት ቆሞ የቃየልን እርግማን ምክንያት አደረገ። ሌሎች የካምን እርግማን ጨመሩበት። ኦሪት ዘፍጥረትን የሚያነብ ሁሉ እንደሚያውቀው ኖኅ የረገመው ከነዓንን እንጂ ኩሽን አልነበረም፤ ማመካኛ ለሚፈልግ ግን ንባቡ ምን ይገደዋል?

ኤብል በ1853 ዩታ ሲደርስ የቤተ መቅደሱን ሥርዓት ለመቀበል ጠየቀ። ያንግ ከለከለው። የአዳም ልጆች ሁሉ ከተቀበሉ በኋላ ለጥቁሮችም ይደርሳቸዋል የሚለው የያንግ ተስፋ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ከሚባለው አይለይም። አናጢው ኤብል ግን እንዳይገባበት በተከለከለው በሶልት ሌክ ቤተ መቅደስ ግንባታ ላይ ሠራ።

ከሁሉ የሚያስገርመው የ1879ኙ ምርመራ ነው። ዘበዲ ኮልትሪን ቀርቦ፣ ስሚዝ በ1834 ጥቁር ሰው ክህነት አይገባውም ብሎ ነግሮኛል ሲል መሰከረ። ይሁን እንጂ ኤብልን በ1836 «ሰባ» አድርጎ የሾመው ይኸው ኮልትሪን ነው! ነቢዬ የሚለው ሰው ከልክሎት ከሆነ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በምን ሥልጣን እጁን ጫነበት? ያኔ ኤብል ያቀረባቸውን ሁለት የምስክር ወረቀቶች አሳይቶ የተከራከረለት የመሥራቹ ወንድም ልጅ ጆሴፍ ኤፍ ስሚዝ ነበር። ክህነቱ አልተነሣበትም፤ የቤተ መቅደሱ በር ግን አልተከፈተለትም። በስተርጅናው እንደ ገና ለስብከት ወጣ፤ ታሞ ተመለሰና በ1884 የገና ዕለት ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ ሞተ።

በ1908 ያው ጆሴፍ ኤፍ ስሚዝ፣ አሁን የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት ሆኖ፣ የኤብልን ሹመት መሥራቹ ራሱ ሽሮት ነበር አለ። ወረቀቶቹን በዓይኑ ያየ ሰው ነው ይህን የተናገረው። ሟቹ ተነሥቶ አይከራከርም። በ1949 የወጣው የመሪዎቹ መግለጫም፣ ክልከላው ቤተ ክርስቲያኒቱ ከተቋቋመችበት ዘመን የጸና የጌታ ቀጥተኛ ትእዛዝ ነው አለ። እውነት ቢሆን ኖሮ ኤብል ባልነበረ ነበር።

ክልከላው በ1978 ተነሣ። በ2013 ቤተ ክርስቲያኒቱ ባወጣችው ጽሑፍ ጥቁሮች በስሚዝ ዘመን መሾማቸውን አመነች፤ የእርግማኑንም ትምህርት አልቀበለውም አለች። መልካም ነው። ነገር ግን ጽሑፉ ይቅርታ አይጠይቅም፤ 1908 ላይ የተነገረውንም ስሙን ጠርቶ ሐሰት አይለውም። ናይሮቢ ላይ ቤተ መቅደስ በ2025 ተመርቋል። በምሥራቅ አፍሪካ ለሚያምኑት የጥቁር ሰው ክህነት በ1978 ተጀመረ ብሎ የሚያስተምር ሁሉ፣ በ1836 ከርትላንድ ላይ የተሾመውን ሰው ዳግመኛ እየሻረው ነው።