ስድቡን ትቶ ጉዳዩን መያዝ

ይህ እትም ክፉ ትችት የደረሰበት ክርስቲያን ምን ቢያደርግ ይሻላል ብሎ ይጠይቃል። አንድ ምሳሌ ከናይሮቢ ይገኛል።

ኬንያዊቷ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች ዋንጋሪ ማታይ በኒየሪ የካቶሊክ ሚስዮን ትምህርት ቤት ያደጉ ነበሩ። በ1989 እ.ኤ.አ. በኡሁሩ ፓርክ ሊሠራ የታቀደውን ባለ60 ፎቅ ሕንፃ በደብዳቤ ሲቃወሙ፣ የፓርላማ አባላት ለጥያቄያቸው መልስ በመስጠት ፋንታ የፈረሰ ትዳራቸውን አነሱ። ፕሬዚዳንት ሞይም ሴት ወንዶችን አክብራ ዝም ልትል እንደሚገባ በአደባባይ ተናገሩ። እሳቸው ግን ለስድቡ ስድብ አልመለሱም። ክርክሩ የሚፈልገው ከአንገት በላይ ያለውን የሰውነት ክፍል ነው ብለው ወደ ፓርኩ ጉዳይ ተመለሱ። ሕንፃው ሳይሠራ ቀረ።

በጥር 1999 ደግሞ በዌስትላንድስ የሚገኘውን የካሩራን ደን ከቅርምት ለማዳን ችግኝ ሊተክሉ ሲሄዱ ተደብድበው ራሳቸው ተፈነከተ። ለፖሊስ የሰጡትን ቃል የፈረሙት በገዛ ደማቸው ነበር።

የጴጥሮስ መልእክት ክርስቶስ ሲሰድቡት መልሶ እንዳልተሳደበ ይናገራል። ብዙ ሰባኪ ይህን የዝምታ ትእዛዝ አድርጎ ያስተምረዋል፤ ዝግጅት ክፍሉ በዚህ አይስማማም። ያው ክርስቶስ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ፣ ክፉ ተናግሮ እንደሆነ እንዲያስረዱት ጠይቋል። ዋንጋሪም ዝም አላሉም።

ሌላም አለ። ሳሚ ድንጋይ እየወረወረ ሲረግመው ዳዊት አቢሳን ከሰይፍ የከለከለው፣ እርግማኑ ከእግዚአብሔር ሊሆን ይችላል ብሎ ስላሰበ ነው። ክፉ አንደበት እውነት ይዞ ሊመጣ እንደሚችል መቀበል ከሁሉ ይከብዳል፤ የዚህ እትም ረጅሙ ጽሑፍም በዚሁ ላይ ያተኩራል።

ገጠመኛቸውን ለሚቀጥለው እትም የሚልኩ አንባብያን የሰደባቸውን ሰው ስም እንዳይጽፉ በአክብሮት ይጠየቃሉ።