ስለ ጥንቸል አካሄድና ስለ ተቆረጠ የቡና ችግኝ

በጅማ ዙሪያ፣ በአጋሮም ሆነ በየቡ ወይም በሊሙ ገነት፣ የቡና ችግኝ ተቆርጦ ባደረ ጊዜ «ጥንቸል በላችው» ማለት እጅግ ቀላል ነው። ጥንቸል ሸንጎ ቀርባ አልበላሁም አትልምና። ጎረቤቱ ፍየሎቹን በሌሊት የለቀቀ እንደ ሆነ ደግሞ ይህ ቃል ደስ ያሰኘዋል። ነገር ግን ቡና ከተተከለ በኋላ ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ 3 ወይም 4 ዓመት የሚጠበቅ ስለ ሆነ፣ ጉዳቱን የሚመረምር ሹም በግምት ሊፈርድ አይገባውም።

ዋናው ምስክር የተቆረጠው ችግኝ ራሱ ነው። ጥንቸል በላይኛው መንጋጋዋ ሁለት ትልልቅ የፊት ጥርሶች፣ ከእነርሱም በስተኋላ ሁለት ትናንሾች አሏት፤ ሁሉም ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋሉ። ስለዚህ ለጋ ችግኝ ስትቆርጥ ቍርጡ በስለት እንደ ተመታ ጥርት ያለና ያዘነበለ ይሆናል። ፍየልና ሚዳቋ ግን በላይ በኩል የፊት ጥርስ ስለሌላቸው ጎትተው ይበጥሳሉ፤ ጫፉም ተተልትሎ ይገኛል። ይህን ሳያይ «የአውሬ ጥፋት ነው፤ ካሳ የለውም» ብሎ የሚያሰናብት ሰው ለባለ ፍየሉ አደላ ማለት ነው። (በኦሪት ዘሌዋውያን ጥንቸል ከሚያመሰኩት ጋር መቈጠሯን የሚያስታውስ አንባቢ አይሳሳት፤ ሆዷ እንደ ፍየል ሆድ አይደለም። ከበጠጧ ለስላሳውን መልሳ ትበላዋለች እንጂ ከሆዷ አውጥታ አታላምጥም።)

ሁለተኛው ምስክር ዱካ ነው፤ እርሱ ግን ያልለመደውን ሰው ያስታል። ጥንቸል ስትዘል አስቀድሞ የፊት እግሮቿ አንዱ ከሌላው ቀደም ብለው መሬት ይነካሉ፤ ወዲያው ረጃጅሞቹ የኋላ እግሮቿ እነርሱን አልፈው ጎን ለጎን ያርፋሉ። ስለዚህ በጭቃው ላይ ከፊት የሚታየው ትልቁ ምልክት የኋላ እግር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ዱካውን ገልብጦ ያነብና ወደ መጣችበት ይሄዳል። መዳፏም ጠጕር የለበሰ ስለ ሆነ እንደ ውሻ መዳፍ ጎልቶ አይታተምም።

በሥራ ቀን ሕዝብና ውሻ አሰልፎ ማሳደድ ጊዜ ከማባከን በቀር ጥቅሙ አይታይም። የአውሮፓው ዘር ጥንቸል በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር ይሮጣል ተብሎ ተመዝግቧል። ከፍጥነቱ ይልቅ ድንገት መታጠፉ ውሻን ያታክታል፤ ከመተኛቱም በፊት በገዛ ዱካው ተመልሶ ወደ ጎን በመዝለል ሽታውን ይቈርጣል። ጉድጓድ ማጠንም ከንቱ ነው። በኦሮምኛ ሂሌንሳ የምትባለው የአገራችን ጥንቸል በሣር መካከል በትንሽ ስርጉድ ላይ ትተኛለች እንጂ ጉድጓድ አትቈፍርም፤ ልጆቿም ጠጕር ለብሰው፣ ዓይናቸው ተገልጦ ይወለዳሉ።

ጉድጓድ የምትቈፍረው፣ ልጆቿንም ራቁታቸውንና ዕውር አድርጋ የምትወልደው፣ ሰዎች በቤት የሚያረቧት የፈረንጅ ዘር ናት። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ስም ስለ ጠራቸው ብዙ ሰው አንድ ይመስሉታል። ይህችን ከቤት ወደ ጫካ መልቀቅ ፈጽሞ ሊፈቀድ አይገባም፤ በአውስትራሊያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1859 አንድ ባለ ርስት ለአደን ብሎ ጥቂቶችን ቢለቅ ተራብተው የአገሩን ግጦሽ አጥፍተዋል።

ለችግኝ መደብ የሚበጀው አጥር ነው፤ እርሱም ከላይ ከመርዘሙ ይልቅ ከሥር ይጥበቅ፤ ጥንቸል ከመዝለል ይልቅ በክፍተት መሹለክ ይቀናታልና። የቀርከሃው አጥር ከመሬት ጋር ሳይገጥም ቀርቶ እንደ ሆነ ከዝናቡ በፊት እሾህ ይጎዝጎዝበት። የምትበላው በሌሊት ስለ ሆነ ጠባቂውም ቀን ሳይሆን ከምሽት እስከ ንጋት ይቁም።