በሰው ዘፈን በዝናብ ስለሚዞር ልጅ

ለዚህ ገጽ የሚደርሱን ደብዳቤዎች ብዙውን ጊዜ ስለ ትምህርት፥ ስለ ጋብቻና ስለ ቤት አያያዝ የሚጠይቁ ናቸው። በዚህ ሳምንት የደረሰን ግን ከልማዱ የተለየ ነው። ጸሓፊው በመንግሥት ሥራ ያረጁ አባት ናቸው፤ ልጃቸው በአውስትራልያ አገር በሜልቦርን ከተማ ይኖራል፤ ሚስትና የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለው። ይህም ልጅ ፒያኖ መምታት ተምሮ፥ የቀድሞ ዝነኞች ዘፋኞችን መስሎ በሚጫወት ባንድ ውስጥ ገብቶ፥ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞራል። አባትየው ፎቶግራፉን ባዩ ጊዜ፥ ሰው ሠራሽ ጠጕር ደፍቶ፥ የሚያብረቀርቅ ልብስ ለብሶ፥ በዝናብ ርሶ በሜዳ ላይ ቆሞ ነበርና እጅግ አዘኑ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማምን? በሰው ስም በዝናብ ከሚደበደብ በራሱ ስም በቤቱ ቢቀመጥ አይሻልም ወይ?» ብለው ጠይቀውናል።

በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል። አንደኛው ሰውን መስሎ መጫወት ያሳፍራልን? የሚል ነው፤ ሁለተኛው ቤትን ትቶ መዞር ይገባልን? የሚል ነው። ሁለቱን ለይተን እንመልሳለን።

ልጁ ከሚኖርበት ከተማ የወጣውን፥ በዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የታወቀውን ባንድ ምሳሌ እናድርግ። አባ የሚባለው ስም በእኛ ዘንድ የመነኮሳት መጠሪያ ነው፤ በስዊድን አገር ግን ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ከስሞቻቸው መጀመሪያ ፊደላት አውጥተው ለባንዳቸው ያወጡት ስም ነው። እነዚህም አግኔታ፥ ቢዮርን፥ ቤኒና አኒፍሪድ ናቸው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1974 በአውሮፓ የዘፈን ውድድር አሸንፈው ዝናቸው በዓለም ተሰማ፤ በ1982ም አብሮ መሥራታቸውን አቆሙ። ከዚያ በኋላ በ1988 በሜልቦርን ሌሎች ሰዎች ተነሥተው፥ የእነዚህን ዘፈንና ልብስ ይዘው፥ ስማቸውን ቢዮርን አጌን አሉ። ይህም ከቢዮርን ስም ጋር ዳግም ልደት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አጣምሮ የወጣ የቀልድ ስም ነው።

ስሙ ቀልድ መሆኑን ልብ ይሏል። አታላይ ሰው የሌላውን ስም ሰርቆ እርሱ ነኝ ይላል፤ እነዚህ ግን በስማቸው ጀምረው እኛ እነርሱ አይደለንም፥ የእነርሱን ዘፈን የምናመጣላችሁ ነን ይላሉ። የገዛውም ሰው ምን እንደ ገዛ ያውቃል። ስለዚህ የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት የእኔ ነው ብሎ በሰው ወርቅ ለሚያጌጥ ሰው እንጂ፥ ወርቁ የማን እንደ ሆነ ለሚናገር ሰው የተነገረ አይመስለንም።

ስለ ዝናቡም ቢሆን የዘፈኑ ባለቤቶች ራሳቸው አላመለጡትም። በ1977 በመጋቢት ወር በአውስትራልያ በሲድኒ ከተማ ሜዳ ላይ የመጀመሪያውን ምሽት ሲጫወቱ ዝናቡ እንደ ጎርፍ ወረደ፤ አኒፍሪድም በራሰው መድረክ ላይ ተንሸራታ ወደቀች። ነገር ግን ተነሥታ ዘፈኗን ቀጠለች፤ ሕዝቡም አልተበተነም። የዚያን ጊዜው ጉዞ በፊልም ተነሥቷልና ያንን ዝናብ ዛሬም ማየት ይቻላል።

መሳዮቻቸውም ተራ ደረሳቸው። በ1992 በነሐሴ መጨረሻ በእንግሊዝ አገር በሬዲንግ ሜዳ በተደረገው ታላቅ የሙዚቃ በዓል፥ ኒርቫና የተባለው ባንድ መሪ ኩርት ኮቤይን ቢዮርን አጌንን አስጠርቶ አጫወታቸው። ያ ጊዜ ለእንግሊዞች በጋ ነው፤ የእነርሱ በጋ ግን ከእኛ ክረምት ብዙ አይሻልምና ሜዳው ጭቃ ሆኖ ነበር። የተሰበሰበውም ሕዝብ ለስላሳ ዘፈን ፈልጎ የመጣ አልነበረም። ቢሆንም በዚያ ጭቃ መካከል የአባን ዘፈኖች አብሮ ዘፈነ። ከጥቂት ሳምንትም በኋላ የአባ ዘፈኖች ስብስብ አዲስ ታትሞ በዓለም ሁሉ ተሸጠ። ባለቤቶቹ ዝም ባሉበት ዘመን ዘፈኑ እንዳይረሳ ካደረጉት መካከል እነዚህ በጭቃ የቆሙ ሰዎች አንደኞቹ ናቸው።

የዚህ ሥራ ድካም ከሩቅ አይታይም። ተጫዋቹ በቀትር ደርሶ ዕቃውን ከመኪና ያወርዳል፤ ድምፁን ይፈትናል፤ ከዚያም በሸራ ሥር ተቀምጦ ብዙ ሰዓት ይጠብቃል። ርጥበት የጊታሩን ቅኝት ያዛባል፤ ሰው ሠራሽ ጠጕር ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ነጩ ልብስ በጭቃ ይበላሻል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ኤሌክትሪክ ነው፤ በውኃ የራሰ ገመድና የድምፅ ማጉያ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላልና። ከአንድ ሰዓት ጨዋታ በኋላ እርጥቡን ልብስ ጠቅልሎ፥ ዕቃውን ጭኖ፥ በሌሊት ወደ ሌላ ከተማ ይጓዛል። እንዲህ የሚሠራ ሰው ሰነፍ ሊባል አይችልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለሳለን፤ ይህ ግን የሚከብደው ነው። አግኔታና ቢዮርን ባልና ሚስት ነበሩ። በሲድኒ በዘነመበት ዓመት የአራት ዓመት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። አግኔታ ከልጅዋ ተለይታ መዞር እንደሚያስጨንቃት በአደባባይ ተናግራለች። በ1980 ባልና ሚስቱ በሕግ ተፋቱ፤ ስለ ምክንያቱ የምንፈርድ እኛ አይደለንም። በዚያው ዓመት በጃፓን ከተጫወቱ በኋላም ባንዱ ለዙር አልወጣም። እንግዲህ ዝናም ገንዘብም ያልጎደላቸው ሰዎች እንኳ የመንገዱን ዋጋ ከቤታቸው ጋር አስተያይተው ለመቆም ችለዋል። መሳያቸው ግን ቢያርፍ በቦታው ሌላ ይተካልና እንደ እነርሱ በቀላሉ ለማረፍ አይችልም።

በ2022 በለንደን ለአባ ተብሎ 3,000 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ተከፈተ። በዚያ የሚታዩት አራቱ ራሳቸው ሳይሆኑ በኮምፒዩተር የተሠራ የወጣትነት መልካቸው ነው፤ ከመልኩ ጋር የሚጫወቱት ግን 10 ሕያዋን ሙዚቀኞች ናቸው። ባለቤቶቹ በቤታቸው ሆነው፥ ጣራ ባለበት፥ ዝናብ በማይደርስበት ስፍራ ይዘፍናሉ። በሜዳ የሚርሱት መሳዮቻቸው ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፥ በልጅዎ ሥራ አይፈሩ፤ የሰውን ዘፈን በታማኝነት ማድረስ ንጹሕ እንጀራ ነው። ነገር ግን ሲጽፉለት ስለ ጠጕሩና ስለ ልብሱ ትተው ሦስት ነገር ይጠይቁት። መድረኩ ጣራ ያለው፥ ገመዱም ከውኃ የተጠበቀ ነውን? ዝናብ ጨዋታውን ቢያስቀር ደመወዙ በውል የተጻፈ ነውን? ልጁ ስትተኛ በቤቱ የሚገኝበት ሌሊት በሳምንት ስንት ነው? ለሁለቱ መልካም መልስ ሰጥቶ በሦስተኛው ዝም ያለ እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜ በአባትነትዎ ይምከሩት። በመድረክ የእርሱን ስፍራ የሚይዝ ሌላ ሰው ይገኛል፤ በልጁ አልጋ አጠገብ ግን እርሱን መስሎ የሚቀመጥ አይገኝም።