የድመቶቹ ማስጠንቀቂያ

የቤት እንስሳ ጠባዩ በድንገት ሲለወጥ፣ ጋኔን ያዘው ተብሎ ከመባረሩ አስቀድሞ የበላው ነገር ይመረመር ዘንድ እናሳስባለን።

ቶክሶፕላዝማ የምትባል ረቂቅ ተሐዋሲ የያዘቻት አይጥ የድመትን ሽታ መፍራቷ ይቀንሳል። የመርዝ ነገር ግን ከዚህ የከፋ ነው።

በጃፓን አገር፣ በሚናማታ ከተማ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት ድመቶች እየተንቀጠቀጡና እየተሽከረከሩ ባሕር ውስጥ ይወድቁ ነበር። ይህም የሆነው ከፋብሪካ የፈሰሰው ሜርኩሪ የሚሉት ባዜቃ በዓሣ ሥጋ ተጠራቅሞ አንጎላቸውን ስለ ጎዳው ነው። በ1956 ዓሣውን የሚበሉ ሕፃናትም በዚያው ደዌ ታመው ተገኙ፤ መንግሥቱ ምክንያቱን አምኖ የገለጠው ግን በ1968 ነው።

እንስሳ አንደበት ባይኖረው ጠባዩ ይናገራል። የድመቱ ፍርፋሪ የሚወድቀው ከልጆቻችን ገበታ ነውና ቸል አንበል።