ሥዕሉን የሚሥለው ማን ነው?

የሳይንስ ምርምር ውጤት ዛሬ በቁጥር ሠንጠረዥ ብቻ የሚገለጽ አይደለም፡፡ የፕሮቲን ቅርጽ፣ የከርሰ ምድር አለቶች አቀማመጥ፣ የነፋስ እንቅስቃሴ ሁሉ ባለ ሦስት አውታር ምስል ሆነው በስክሪን ላይ ይሣላሉ፤ በተመልካቹ እጅ እየተሽከረከሩም ይጠናሉ፡፡ ይህን ሥራ በፍጥነት የሚያከናውነው ግራፊክስ ካርድ ግን ዋጋው ውድ ነው፤ ለእኛ ደግሞ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፡፡ በመሆኑም ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ካርድ ከመግዛት ይልቅ ጥቂት ካርዶችን በአንድ ሰርቨር ላይ ማኖር፣ ሰርቨሩን በሊኑክስ አማካይነት ወደ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች መከፋፈልና ተማሪው ካለበት ሆኖ በኔትወርክ እንዲጠቀምባቸው ማድረግ ብልህነት ነው፡፡

ይሁን እንጂ ይህ አሠራር በተግባር ሲውል ብዙ ጊዜ አንድ ቅሬታ ይከተለዋል፡፡ ምስሉ ይንቀራፈፋል፤ ማውሱ ከተንቀሳቀሰ ቆይቶ ሞለኪውሉ እየዘለለ ይዞራል፡፡ ወዲያውም ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል፡፡ አንዱ ወገን «ኔትወርኩ ደካማ ነው» ሲል ሌላው «ካርዱ አቅም የለውም፣ የተሻለ ይገዛ» ይላል፡፡ በእኛ አስተያየት ግን ከሁለቱም ፍርዶች በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ ለመሆኑ ሥዕሉን የሚሥለው ማን ነው?

ጥያቄው የዋህ ሊመስል ይችላል፡፡ መልሱ ግን እንደሚገመተው ግልጽ አይደለም፡፡ ለዚህም ምክንያቱን ለማየት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል፡፡ በዩኒክስና በሊኑክስ ዓለም ለረጅም ዘመን የስክሪን ሥራ መሠረት ሆኖ የቆየው ኤክስ ዊንዶው ሲስተም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፡፡ ከመነሻውም ፕሮግራሙ በአንድ ኮምፒውተር፣ ስክሪኑ በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንዲሆን ታስቦ ተሠራ፡፡ በኔትወርኩ ላይ የሚጓዘው የተጠናቀቀ ሥዕል ሳይሆን «ከዚህ እስከዚያ መስመር አስምር» የሚል የሥዕል ትእዛዝ ነበር፤ ሥዓሊው በተመልካቹ ዘንድ ያለው ማሽን ነው ማለት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ኦፕንጂኤል የተባለው የባለ ሦስት አውታር ግራፊክስ ደንብ ከኤክስ ጋር ሲቀናጅ ይህንኑ መንገድ እንዲጠቀም ተደረገ፡፡

ይህ መንገድ ከባድ ችግር አለው፡፡ ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፡፡ ሰርቨሩ ከተመልካቹ 5,000 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ለአንድ ጥያቄና መልስ ደርሶ መልስ ጉዞ ብቻ ቢያንስ 50 ሚሊሴኮንድ ያስፈልጋል፡፡ ፕሮግራሙ አንድን ምስል ለመጨረስ 100 ጊዜ መልስ የሚጠብቅ ከሆነ ለአንዲት ምስል 5 ሴኮንድ ያልፋል ማለት ነው፡፡ መስመሩን አሥር እጥፍ ቢያሰፉት ይህ ጊዜ አይቀንስም፤ የብርሃንን ፍጥነት በገንዘብ መግዛት አይቻልምና፡፡ ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኤክስ ሰርቨር እትም 1.17 ይህን የሩቅ ትእዛዝ መንገድ፣ ተጠቃሚው ራሱ ካልከፈተው በቀር፣ ዝግ አድርጎታል፡፡

ሁለተኛው መንገድ ሥዕሉን በሰርቨሩ ላይ ጨርሶ የተጠናቀቀውን ምስል ብቻ መላክ ነው፡፡ ቨርቹዋልጂኤል የተባለው ነጻ ሶፍትዌር የሚሠራው በዚህ ዘዴ ነው፡፡ ፕሮግራሙ የሚያወጣውን የኦፕንጂኤል ትእዛዝ መንገድ ላይ ይጠልፍና ለሰርቨሩ ካርድ ይሰጣል፤ የተሣለውንም ምስል መልሶ በማንበብና በመጭመቅ ወደ ተመልካቹ ይልካል፡፡ መጭመቁ የግድ ነው፡፡ በ1920 በ1080 ፒክስል ስክሪን ላይ ያለ አንድ ምስል እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ቢይዝ 8,294,400 ባይት ይሆናል፡፡ በሴኮንድ 30 ምስል ሳይጨመቅ ለመላክ 2 ጊጋቢት ያህል አቅም ያለው መስመር ይጠይቃል፤ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ላይ ግን የሚያልፈው አንድ ተኩል ምስል ብቻ ነው፡፡

ቨርቹዋል ማሽን ሲጨመርበት ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል፡፡ እውነተኛው ሰርቨር አስተናጋጅ፣ በውስጡ ያለው ቨርቹዋል ማሽን ደግሞ እንግዳ ይባላል፡፡ እንግዳው በባሕርዩ የአስተናጋጁን ካርድ አያይም፡፡ እንዲያይ ከሚደረግባቸው ዘዴዎች ሁለቱን እናንሣ፡፡ አንደኛው ካርዱን እንዳለ ለአንድ እንግዳ መስጠት ነው፤ የሊኑክስ ከርነል ይህን በቪኤፍአይኦ አማካይነት ከእትም 3.6 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ይደግፋል፡፡ ፍጥነቱ እጅግ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ካርዱ በዚያ እንግዳ እጅ እስካለ ድረስ ሌላው ሊጠቀምበት አይችልም፡፡ ሁለተኛው ቪርጂኤል የተባለው ነው፡፡ በዚህ ዘዴ እንግዳው ትእዛዙን ለአስተናጋጁ ያቀብላል፤ አስተናጋጁም በራሱ ካርድ አስሎ ይመልሳል፡፡ ይህኛው እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ በወጣው ከርነል 4.4 ውስጥ ገብቷል፤ ብዙ እንግዶችን በአንድ ካርድ ለማገልገል ይመቻል፤ ትርጉሙ ግን ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል፡፡

እንግዲህ የተመልካቹ ማሽን፣ የእንግዳው ፕሮሰሰር፣ የእንግዳው ካርድ፣ የአስተናጋጁ ካርድ፣ ሌላው ቀርቶ የአስተናጋጁ ፕሮሰሰር እንኳ ሥዓሊ ሊሆኑ ይችላሉ፡፡ የችግሩ ሁሉ ሥር ያለውም እዚህ ላይ ነው፡፡ ከእነዚህ ሰንሰለቶች አንዱ ቢበጠስ ሥርዓቱ «ካርድ አላገኘሁም» ብሎ አይቆምም፡፡ በሊኑክስ ላይ ኦፕንጂኤልን የሚያቀርበው ሜሳ የተባለው ሶፍትዌር ካርድ ባጣ ጊዜ ኤልኤልቪኤም-ፓይፕ ለተባለው የሶፍትዌር ሥዓሊ ሥራውን ያስረክባል፡፡ ይህም ሥዓሊ እያንዳንዱን ፒክስል በተራ ፕሮሰሰር ያሰላል፡፡ ምስሉ ይወጣል፤ ቀለሙም ቅርጹም ትክክል ነው፤ የጎደለው ፍጥነት ብቻ ነው፡፡ ርክክቡም በጸጥታ ስለሚፈጸም ተጠቃሚው ውድ የሆነው ካርድ ሥራ ፈትቶ መቀመጡን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፡፡ አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚሉት፣ ጉድለቱ ስለተደበቀ መፍትሔው በተሳሳተ ቦታ ይፈለጋል፡፡

ስለዚህም ምርመራው በሥርዓትና በቅደም ተከተል መካሄድ አለበት እንላለን፡፡ በቅድሚያ ችግሩ በታየበት በዚያው የርቀት ክፍለ ጊዜ ውስጥ ጂኤልኤክስኢንፎ የተባለውን ትእዛዝ አስኬዶ የሥዓሊውን ስም ማንበብ ነው፡፡ ኤልኤልቪኤም-ፓይፕ የሚል ከተነበበ የሚሥለው ፕሮሰሰሩ ነው፤ የኔትወርክ ወሬ ለጊዜው ይቆይ፡፡ ቪርጂኤል የሚል ከተነበበ ደግሞ ለመደሰት መቸኮል አይገባም፡፡ አስተናጋጁ ራሱ የካርዱ ድራይቨር ያልተጫነለት ከሆነ የእንግዳውን ትእዛዝ ተቀብሎ በራሱ ፕሮሰሰር ሊሥለው ይችላልና፣ ያው ጥያቄ በአስተናጋጁም ላይ መደገም ይኖርበታል፡፡

ቀጥሎ ሰንሰለቱን ከታች ወደ ላይ መከተል ያስፈልጋል፡፡ ካርዱ ለእንግዳው ይታያልን? ከታየስ ድራይቨሩ ይዞታልን? ድራይቨሩ ከያዘው ተጠቃሚው የመሣሪያውን ፋይል ለመክፈት ፈቃድ አለውን? ፈቃድ የሚሰጠው የተጠቃሚዎች ቡድን ውስጥ ስሙ ሳይገባ በመቅረቱ ብቻ ተማሪው በሶፍትዌር ሥዓሊ ሲጉላላ፣ ፈቃድ ሁሉ ያለው አስተዳዳሪ «እኔ ዘንድ በደንብ ይሠራል» ሊል ይችላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፡፡ በመጨረሻም የርቀት ስክሪኑ ራሱ ከካርዱ ጋር ተገናኝቷልን? በቪኤንሲ የሚከፈቱ ብዙ ምናባዊ ስክሪኖች ካርዱን በቀጥታ አይነኩም፡፡ ካርዱ ደህና ሆኖ በዚያ ስክሪን ላይ ኤልኤልቪኤም-ፓይፕ የሚነበበው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፡፡ በእንዲህ ያለ ጊዜ ፕሮግራሙን በቨርቹዋልጂኤል አማካይነት ማስነሣት መፍትሔ ይሆናል፡፡

የሳይንስ ሰው ግን በንባብ ብቻ ሳይሆን በሙከራም ያረጋግጣል፡፡ ሜሳን በሶፍትዌር ብቻ እንዲሥል የሚያስገድድ ቅንብር ስላለ፣ ፕሮግራሙን አንድ ጊዜ እንደተለመደው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በዚያ ቅንብር አስኬዶ ማወዳደር ይቻላል፡፡ ሁለቱ ፍጥነቶች አንድ ከሆኑ ወይ ካርዱ ቀድሞውንም አልሠራም፣ ወይ ማነቆው ከመሣሉ ውጭ ነው፡፡ የመስኮቱን ወርድና ቁመት በግማሽ መቀነስም ሌላ ቀላል ሙከራ ነው፡፡ የፒክስሉ ብዛት ወደ አንድ አራተኛ ስለሚወርድ ፍጥነቱ በእጅጉ ከጨመረ ችግሩ ከፒክስል መሣል ወይም መላክ ጋር የተያያዘ ነው፤ ምንም ለውጥ ካልታየ ግን ወደ ደርሶ መልስ መዘግየት ወይም ወደ ፕሮግራሙ የራሱ ስሌት መመልከት ይገባል፡፡ ፕሮግራሙ ራሱ በሚያሳየው የምስል ቁጥር ላይ ብቻ መመካት ግን አይበጅም፡፡ ቨርቹዋልጂኤል በተለመደው አሠራሩ ኔትወርኩ ያልደረሰባቸውን ምስሎች እየጣለ ስለሚሄድ፣ በሰርቨሩ ላይ የተሣለውና ለዓይን የደረሰው ላይመጣጠኑ ይችላሉ፡፡

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ፡፡ የሶፍትዌር ሥዓሊው ባይኖር ካርድ የሌለው ተማሪ ፕሮግራሙን ጨርሶ ማስነሣት ባልቻለ ነበር፤ ታዲያ ስለምን ይወቀሳል የሚል ነው፡፡ ተቃውሞው ትክክለኛ ነው፤ እኛም ሥዓሊውን አንወቅስም፡፡ ሜሳ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1993 በብራያን ፖል ሲጀመር ኦፕንጂኤልን በሶፍትዌር ብቻ ለመተግበር የታሰበ ነበር፤ ያ ባይሆን ኖሮ ብዙ ሰው ባለ ሦስት አውታር ግራፊክስን ለመማር ዕድል ባላገኘ ነበር፡፡ የምንወቅሰው ዝምታውን ነው፡፡ ምትክ ሠራተኛ መላክ ደግ ነገር ነው፤ ምትክ መላኩን አለመናገር ግን አሠሪውን ማሳሳት ነው፡፡

ከዚህ ተነሥተን ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን፡፡ አንደኛ፣ የጋራ ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ክፍሎች ተጠቃሚው የርቀት ስክሪኑን በከፈተ ቁጥር የሥዓሊው ስም በአንድ መስመር እንዲታየው ያድርጉ፤ ለዚህ የሚበቃው ጥቂት መስመር ያላት ስክሪፕት ናት፡፡ ሁለተኛ፣ አዲስ ካርድ ወይም ሰፊ መስመር እንዲገዛ የሚቀርብ ማንኛውም ጥያቄ ከላይ የተገለጹትን ምርመራዎች ውጤት አያይዞ ይቅረብ፡፡ ያለው ካርድ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ሌላ መጨመር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፡፡ ሦስተኛ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ይህን ሰንሰለት ከፕሮግራሙ እስከ ፒክስሉ ድረስ በእጃቸው እየፈተሹ እንዲማሩት ይደረግ፡፡ ስለ ከርነል፣ ስለ ኔትወርክና ስለ ፈቃድ በየትምህርቱ ተበታትኖ የሚሰጠው እውቀት በአንድ ጉዳይ ላይ ሲገናኝ የሚታይበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ብዙ አይገኝም፡፡

ካርድ የሌለው ተቋም ስለ ካርድ ማሰቡ የሚጠበቅ ነው፡፡ ካርድ እያለው የማይጠቀም ተቋም ግን ያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፡፡ ሞለኪውሉን አዙሮ ሊያይ የተቀመጠው ተማሪ ምስሉ እየተጓተተ ሲያሰለቸው ትምህርቱን ከባድ፣ መሣሪያውንም የማይረባ አድርጎ ቆጥሮ ይሄዳል፡፡ ያን ተማሪ ለማዳን አንዳንድ ጊዜ የሚያስፈልገው የአንድ ትእዛዝ መልስ ማንበብ፣ ከዚያም የአንድን ተጠቃሚ ስም በትክክለኛው ቡድን ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው፡፡